የአዲስ አበባው አንበሳ ግቢ፦ የእንስሳቱና የማደሪያቸው ታሪክ

አንበሳ ግቢ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ከየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልትና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አጠገብ የሚገኝ መካነ አራዊት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በ1948 ተመሠረተ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ግቢው በስፋቱ ከታላላቆቹ የዓለም መካነ አራዊት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የሚያኖራቸው እንስሳት ዓይነትም ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ጥቁር ጎፈር ያለውን የኢትዮጵያ አንበሳ ከስድሳ ዓመታት በላይ ሲያራባ የኖረ ተቋም በመሆኑ በዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ዘንድ ያገኘው ትኩረት ከመጠኑ በእጅጉ የሚልቅ ነው።

ከግቢው መመሥረት በፊት

አንበሳን በቤተ መንግሥት ማኖር በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን ከአንበሶቻቸው ጋር ተቀምጠው የሚያሳዩ፣ በአውሮፓውያን የተሠሩ ሥዕሎች በሰፊው ይታወቃሉ። ምኒልክ ደግሞ አራዊትን ለወዳጅ መንግሥታት በስጦታ ይልኩ ነበር። ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1882 ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ የላኩት የሜዳ አህያ ፓሪስ በደረሰ ጊዜ፣ ኤሚል ኡስታሌ የተባለው የሥነ እንስሳት ሊቅ ከሌሎቹ የሜዳ አህዮች የተለየ ዝርያ መሆኑን ተረድቶ በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየመው፤ ዛሬም የግሬቪ የሜዳ አህያ ይባላል።

ከዚህ ጽሑፍ ጋር ይበልጥ የሚገናኘው ግን ዐፄ ምኒልክ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለቴዎዶር ሩዝቬልት የላኩት አንበሳ ነው። ይህ አንበሳ በዋሽንግተን ብሔራዊ መካነ አራዊት የኖረ ሲሆን፣ ኤድመንድ ሄለር በ1913 የኢትዮጵያን አንበሳ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ አድርጎ በሩዝቬልት ስም ሲመዘግብ መነሻ ያደረገው እርሱኑ ነው። ስያሜው ዛሬ ተቀባይነት የለውም። የኢትዮጵያ አንበሳ ከሌላው የአፍሪካ አንበሳ ይለያል ወይስ አይለይም የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያልተቋጨ ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና የተነሣው በአንበሳ ግቢ በኩል ነው።

አመሠራረቱና የመጀመሪያው ማደሪያ

የንጉሠ ነገሥቱ ማዕርግ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል እንደ መሆኑና አንበሳም በሰንደቅ ዓላማው ላይ ይታይ ስለ ነበር፣ በዋና ከተማይቱ ሕዝብ የሚያያቸው አንበሶች መኖራቸው ከመዝናኛነት ያለፈ ትርጉም ነበረው። ግቢው የተመረጠለት ቦታም ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ሊባል በሚችል ቅርበት ላይ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ኋላ በ1961 ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቷል።

የግቢው የዘር መነሻ ሰባት አንበሶች ናቸው፤ አምስቱ ወንዶች፣ ሁለቱ ሴቶች ሲሆኑ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተይዘው እንደ መጡ ይነገራል። ይህ ቁጥር ሊተኮርበት ይገባል። ከዚያ ወዲህ ከዱር የገባ ሌላ ሴት አንበሳ ከሌለ፣ በግቢው የተወለዱት ደቦሎች ሁሉ በእናታቸው በኩል የሚወርዱት ከሁለቱ የመጀመሪያ እንስቶች ብቻ ነው ማለት ነው። አንበሳ በሰው እጅ በቀላሉ የሚራባ አውሬ በመሆኑ ቁጥሩ ለማደግ አልተቸገረም፤ የተቸገረው ማደሪያው ነው።

ማደሪያው ክብ ቅርጽ ያለው ሲሆን በብረት ፍርግርግ የተከፋፈሉ ክፍሎች ዙሪያውን ይደረደራሉ። ጎብኚው ክቡን እየዞረ አንዱን ክፍል ካንዱ እያስከተለ ይመለከታል። አሠራሩ በጊዜው ከነበረው የመካነ አራዊት ልማድ የወጣ አልነበረም። ጀርመናዊው ካርል ሃገንቤክ በ1907 ሃምቡርግ አጠገብ በከፈተው መካነ አራዊት የብረቱን ዘንግ በጥልቅ ቦይ ተክቶ አንበሶቹን ያለ መጋረጃ ማሳየት ቢጀምርም፣ በብዙ አገሮች የብረት ፍርግርግ ከዚያ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ቆይቷል። የስድስት ኪሎው ክብ ማደሪያ ጎብኚውን ከአንበሳው እጅግ ያቀርበዋል፤ ለአንበሳው ግን የሚሮጥበት፣ ከሰው ዓይን የሚሸሸግበት ወይም ከሌላው አንበሳ የሚርቅበት ቦታ አይሰጠውም።

በዚህ ቅርበት የሚታየው ነገር ግን ግቢውን ልዩ ያደረገው ራሱ ነው። ወንዱ አንበሳ ወደ ፍርግርጉ ተጠግቶ በጎኑ ሲተኛ፣ ፊቱን የከበበው ፈዘዝ ያለ ጠጉር ወደ አንገቱ ሲወርድ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ጎፈሩ በትከሻው ላይ አያበቃም፣ ደረቱን ሸፍኖ በሆዱ ሥር እስከ ኋላ ይዘልቃል። ሰውነቱ ጠቅለል ያለ ነው፤ በፊልም የሚታየውን የሜዳ አንበሳ ለምዶ የመጣ ሰው ቁመቱ ያነሰ፣ ጎፈሩ ግን የበዛ አንበሳ ያገኛል።

በግቢው ውስጥ ከአንበሶቹ ሌላ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ጦጣና ኤሊን የመሳሰሉ እንስሳት ይታያሉ። የእነዚህ ታሪክ ከአንበሶቹ ጋር ሲነጻጸር ብዙም የተጻፈለት አይደለም።

ከአብዮቱ በኋላ

በ1974 ዘውዱ ሲወርድ አንበሳ ግቢው አልተዘጋም። ደርግ ዘውዱን ከሰንደቅ ዓላማው ቢያነሣም በሳንቲሞቹ ላይ የአንበሳ ራስ አስቀርጿል፤ እንስሳው ከንጉሡ ይልቅ የአገር ምልክት ተደርጎ መታየቱ ለግቢው መትረፍ ሳይረዳ አልቀረም።

የቦታ ጥበትና የ2006ቱ ዜና

የአንበሳ እርግዝና 110 ቀን ገደማ ነው፤ በአንድ ጊዜም ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ደቦሎች ይወለዳሉ። ደቦሎቿን ያጣች እንስት ደግሞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዳግመኛ ትፀንሳለች። ወንዶቹ ጉርምስና ላይ ሲደርሱ ከአባታቸውም ሆነ እርስ በርሳቸው አብረው ማደር አይችሉምና የተለየ ክፍል ይፈልጋሉ። አንድ ትልቅ አንበሳ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሥጋ ይቀርብለታል። እንግዲህ ክፍሎቹ የተወሰኑ በሆኑበት ክብ ማደሪያ ውስጥ፣ በጉብኝት ገቢ ለሚተዳደር ግቢ፣ እያንዳንዱ ውልደት የደስታውን ያህል የጭንቀት ምንጭ ነበር።

ይህ ጭንቀት በ2006 መጨረሻ ወደ አደባባይ ወጣ። ግቢው ለደቦሎቹ ቦታና ገንዘብ ስላጣ የተወሰኑት በመርዝ እንዲገደሉ መደረጉንና ሬሳቸውም ቆዳ ሞልተው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች መሸጡን የዓለም መገናኛ ብዙኃን ዘገቡ። ዜናው ከፍተኛ ቁጣ አስነሣ። ድርጊቱ ሊከላከሉለት የሚቻል አይደለም፤ በሌላ በኩል፣ ጉዳዩ ከሠራተኞቹ ጭካኔ ይልቅ ለጥቂት አንበሶች የተሠራ ማደሪያ ከአቅሙ በላይ እንዲሸከም ለአሥርተ ዓመታት በመተዉ የመጣ መሆኑን ማስታወስ ፍትሐዊ ነው። በሌሎች አገሮች ያሉ መካነ አራዊት ወንዱንና ሴቲቱን በመለየት፣ የእርግዝና መከላከያ በመስጠትና ትርፍ እንስሳትን እርስ በርስ በመለዋወጥ የሚፈቱት ችግር ሲሆን፣ አንበሳ ግቢ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛውን ለመፈጸም የሚያስችል ክፍልም ሆነ አጋር አልነበረውም።

የ2012ቱ የዘረ መል ጥናት

አጋሩ የመጣው ከላይፕሲግ ነው። አዲስ አበባና ላይፕሲግ ከ2004 ጀምሮ እኅትማማች ከተሞች ሲሆኑ፣ በ1878 የተመሠረተው የላይፕሲግ መካነ አራዊት በታሪኩ ከ2,000 በላይ አንበሶችን በማራባቱ የታወቀ ነው። በዚሁ ከተማ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የዝግመተ ለውጥ አንትሮፖሎጂ ተቋምና የእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የመሩት፣ ሱዛን ብሩኸና ሚካኤል ሆፍራይተርን ጨምሮ በርካታ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን በጊዜው በግቢው ከነበሩት 20 አንበሶች የ15ቱን፣ ማለትም የስምንት ወንዶችንና የሰባት ሴቶችን ዲ ኤን ኤ መረመረ። ውጤቱ በ2012 ይፋ ሆነ፦ የአዲስ አበባ አንበሶች ለንጽጽር መረጃ ከተገኘላቸው የዱር አንበሶች ሁሉ በዘረ መላቸው የተለዩ ሆነው ተገኙ።

ተመራማሪዎቹ በዚህ ብቻ አላበቁም። አንበሶቹ በሰው እጅ በጥንቃቄ እንዲራቡና በዱር ያሉ ዘመዶቻቸው በአስቸኳይ እንዲፈለጉ አሳሰቡ፤ ለፍለጋውም በሐረር አቅራቢያ ያለውን የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያና ከእርሱ በስተደቡብ ያለውን የሐረርጌ ምድር ጠቆሙ። እዚህ ላይ አንድ የማይጣጣም ነገር አለ። የግቢው ትውፊት መሥራቾቹን ከደቡብ ምዕራብ ሲያመጣቸው፣ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች ይኖሩባቸዋል የተባሉት ቦታዎች ደግሞ በምሥራቅ ናቸው። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ባለ ጥቁር ጎፈሩ አንበሳ አንድ ጊዜ በሰፊው የአገሪቱ ክፍል ይኖር ከነበረ ነገሩ አያስደንቅም።

የጎፈሩን ነገር በተመለከተ ሌላ ክርክር አለ። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ የተደረገና በ2002 የታተመ ጥናት ጥቁር ጎፈር የደህና ምግብና የብርቱ ወንድነት ምልክት እንደ ሆነ፣ ነገር ግን ሙቀት ስለሚያበዛበት ባለቤቱን ዋጋ እንደሚያስከፍለው አሳይቷል። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ መካነ አራዊት ያሉ አንበሶችን አነጻጽሮ፣ የጎፈርን ርዝመትና ጥቅጥቅታ እስከ ግማሽ ድረስ የሚወስነው የአካባቢው ቅዝቃዜ እንደ ሆነ ደምድሟል። ስድስት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትርን የሚያልፍ ከፍታ ላይ ነው፤ ሌሊቱም ብርድ ነው። ስለዚህ የአንበሶቹ ጎፈር ከፊሉ የአዲስ አበባ ብርድ ሥራ ሊሆን ይችላል። የዘረ መሉ ልዩነት ግን በብርድ የሚመጣ ነገር ስላልሆነ የ2012ቱ ግኝት በዚህ ክርክር አይፈርስም።

ይልቅ ግኝቱን የሚፈትነው ከሰባት መሥራቾች የወረደ ዘር በጥቂት ትውልድ ውስጥ ከሌላው መራቁ የሚጠበቅ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ናሙና ሰብስበው የተሠሩ ጥናቶች ኢትዮጵያን የአንበሳ ሰሜናዊና ደቡባዊ ሐረጎች የሚገናኙበት ምድር አድርገው ያያሉ፤ በ2017 የዓለም አቀፉ ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የድመት አስተኔ ባለሙያዎች ቡድንም አንበሳን በሁለት ንዑስ ዝርያዎች ብቻ ሲከፍል ለኢትዮጵያ የተለየ ስም አልሰጠም። የአዲስ አበባው ዘር የተለየ ስም ባይኖረውም በዚህ መገናኛ ምድር ላይ ከጠፉት ወይም ከተመናመኑት አንበሶች የተረፈ ሕያው ቅርስ ነው ብሎ መናገር ግን ከመረጃው በላይ መሄድ አይሆንም።

አዳዲስ ማደሪያዎች

ከስድስት ኪሎው የሰፋ ቦታ ማግኘት የግቢው የዘወትር ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል። ኦክቶበር 10 ቀን 2019 በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ከታሪካዊ ሕንጻዎቹ ጎን ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች የሚያሳይ ስፍራ አካቷል፤ የአገሪቱ አንበሳ ከፍርግርግ ክፍል ወጥቶ በዘመናዊ አሠራር በተዘጋጀ ማደሪያ መታየቱ ለረጅም ጊዜ ሲጠበቅ የነበረ ነው። በሌላ ወገን፣ በሆለታ አቅራቢያ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው 77 ሄክታር ስፋት ያለው እንስሳ ኮቴ በሕገ ወጥ መንገድ ተይዘው የተገኙ አንበሶችን፣ አቦ ሸማኔዎችንና ሌሎች አራዊትን ያሳርፋል። በዚያ የኖረው ዶሎ የተባለው ወንድ አንበሳ በአገሪቱ ደቡብ ምሥራቅ ድንበር አካባቢ በሰንሰለት ታስሮ የተገኘ ነበር። እንስሳ ኮቴ ለጎብኚ ትርኢት የተዘጋጀ መካነ አራዊት አይደለም፤ አንበሶቹ በቁጥቋጦ በተሸፈነ ሰፊ አጥር ውስጥ ስለሚኖሩ ፈልጎ የሚያገኛቸው ሰው ነው።

በ2016 መጀመሪያ ደግሞ በሱዳን ድንበር ባለው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች በወጥመድ ካሜራ ተቀርጸው መኖራቸው ተረጋገጠ፤ በአልጣሽና በአጎራባቹ የሱዳን ዲንደር ፓርክ በጠቅላላው ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ተገምቷል። የእነዚህም ሆነ የባቢሌ፣ የጋምቤላና የኦሞ አንበሶች ዘረ መል ከአንበሳ ግቢው ጋር በተሟላ ሁኔታ ሲነጻጸር የሰባቱ መሥራቾች መገኛ ይለይ ይሆናል። እስከዚያው፣ አንበሶች በተለያዩ ማደሪያዎች መኖር በጀመሩበት በአሁኑ ጊዜ፣ በስድስት ኪሎ የተወለደውን ዘር ከሌላ ምንጭ ከመጣው ሳይቀላቅሉ ለመያዝ የእያንዳንዱ አንበሳ እናት፣ አባትና የትውልድ ቀን በአንድ የጋራ መዝገብ መስፈር አለበት፤ መታወቂያውም ከቆዳው ሥር በሚቀበር ጥቃቅን ቺፕ ቢያዝ፣ አንበሳው ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው ሲዛወር የዘር ሐረጉ አብሮት ይሄዳል።