የሶፋ እድፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ቤት ለቤት እየዞርኩ ሶፋ ማጠብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። እዚህ በበጋ አቧራው በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል፤ በክረምት ደግሞ ጥቁሩ ጭቃ ከጫማ ጋር ሳሎን ድረስ ይዘልቃልና የሶፋ መቆሸሽ አይገርምም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፦ «አልለቅ አለ» ተብዬ ከምጠራባቸው እድፎች አብዛኞቹ ሲደፉ ቀላል የነበሩ፣ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በተደረገው የተሳሳተ ነገር የከበዱ ናቸው።

«ቶሎ ብለው በኃይል ካሹት ይለቃል»

ቶሎ ማለቱ ትክክል ነው፤ ማሸቱ ግን ስህተት ነው። ቡና ሶፋ ላይ ሲደፋ ፈሳሹ ለጥቂት ጊዜ ከጨርቁ ላይ ነው የሚቆየው። በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ወደ ስፖንጁ ይሰርጋል፣ ዙሪያውን ይሰፋል፣ ጨርቁ ከፋይ ከሆነም ፀጉሩ ይገለበጥና እድፉ ከለቀቀ በኋላ እንኳ ቦታው ተለይቶ ይታያል። የሚሻለው ደረቅ ነጭ ጨርቅ አጥፎ መጫን፣ የጨርቁን ንጹሕ ገጽ እየቀያየሩ ማስመጠጥና ሁልጊዜ ከእድፉ ጠርዝ ወደ መሐሉ መሥራት ነው። ነጭ ያልኩት ባለቀለም ጨርቅ የራሱን ቀለም ሊለቅ ስለሚችል ነው። ቀጥሎ ግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ትንሽ ነጭ አቼቶ በመጨመር በጨርቅ እየነከሩ መጫን፣ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። የቡናና የሻይ እድፍ በእጥበት ሙያ ታኒን ከሚባለው ወገን ስለሚመደብ፣ ደረቅ ሳሙና ሲታሽበት ከጨርቁ ጋር ይበልጥ ይጣበቃል።

ጭቃ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርጥቡን መንካት ስለማይገባ እስኪደርቅ ትቶ መቦረሽ ይሻላል።

«ሙቅ ውሃ የማያስለቅቀው የለም»

ደም፣ ወተትና እንቁላል ፕሮቲን ስላላቸው፣ እንቁላል በፈላ ውሃ እንደሚጠነክር ሁሉ፣ በሙቀት ክሩ ላይ ይጠነክራሉ። እነዚህን በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ መጀመር ይገባል።

«ኦሞው በበዛ ቁጥር ጽዳቱ ይጨምራል»

በአንድ የበዓል ማግስት አንዲት እናት ደውለው ጠሩኝ። ስደርስ የሶፋው መቀመጫ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀይ ቡናማ እድፍ አየሁ። «ልጄ፣ የፈሰሰው አልጫ ወጥ ነበር፤ ኦሞ ነስንሼ ብፈትገው ደም መሰለብኝ» አሉኝ። ስለ ጨርቁ ብቻ ሳይሆን በእንግዳ ፊት ስለደረሰባቸው ሐፍረትም ተጨንቀው ነበር። «እማማ፣ አይጨነቁ፤ ጨርቁ አልተበላሸም» ብዬ የሎሚ ጭማቂ በውሃ አቅጥኜ በጥጥ ነካ ነካ ሳደርገው፣ ዓይናቸው እያየ ቀዩ ወደ ቢጫ ተመለሰ።

ምክንያቱ እርድ ነው። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የሚባል ቀለም እንደ ኦሞ ያለ አልካላይ ሲያገኘው ይቀላል፣ አሲድ ሲነካው ደግሞ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ቢጫውን በቀጭን የፈሳሽ ሳሙና ውሃ ደጋግሜ አሳሳሁት፤ የቀረውን ግን ያስለቀቀው ፀሐይ ነው። ኩርኩሚን ብርሃን ስለማይችል፣ ዚፕ ያለውን የመቀመጫ ልብስ አውልቀን ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ሰዓት እያሰጣን፣ የጨርቁ ቀለም እንዳይነካ እየተከታተልን አወጣነው።

ኦሞ ከዚህም ሌላ ችግር አለው። ሶፋ እንደ ልብስ በብዙ ውሃ ስለማይለቀለቅ ዱቄቱ በክሩ መሐል ይቀራል፤ የቀረው ሳሙና ደግሞ አቧራ ስለሚይዝ «ካሳጠብኩት በኋላ ቶሎ ቆሸሸ» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሳሙና ማብዛት ደግሞ ማለቅለቂያውን አስቀድሞ እንደ መጨረስ ነው።

«በረኪና የመጨረሻው መፍትሔ ነው»

በረኪና ከእድፉ ጋር የጨርቁን ቀለም ያነሣል፣ ክሩን ያሳሳል፣ ወደ ስፖንጁ ከገባም ይጎዳዋል። አንድ ቡናማ ሶፋ ላይ በረኪና የነካው ቦታ ብርቱካናማ ሆኖ ከቀረ በማጠብ የሚመለስ ነገር የለም። ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር መቀላቀል ነው፤ ድብልቁ ክሎሪን የሚባለውን ጋዝ ስለሚያወጣ፣ በጠባብና በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ሳንባን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። በቤንዚን ቅባት ማስለቀቅም፣ ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት ቤት፣ እሳት መጥራት ነውና እለምናችኋለሁ፣ ተዉት።

«መደገፊያው የጠቆረው ቀለሙ ስለለቀቀ ነው»

ራስ የሚያርፍበትና ክንድ የሚደገፍበት ቦታ የሚጠቁረው በአብዛኛው ከፀጉር ቅቤ፣ ከቅባትና ከላብ ጋር በተጣበቀ አቧራ ነው። ለመለየት ነጭ ጨርቅ በቀጭን የፈሳሽ ሳሙና ውሃ ነክሮ ጨምቆ አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል፤ ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከተነሣና ሶፋው ከበራ ነገሩ ቆሻሻ ነው፤ የሶፋው ቀለም ራሱ ከወጣ ግን እዚያው ማቆም ይገባል። ሙከራው ከጀርባ፣ በማይታይ ቦታ ቢጀመር ይመረጣል። የቅቤና የቁሌት ቅባት አዲስ ከሆነ ውሃ ከመንካቱ በፊት የሕፃናት ፓውደር ነስንሶ፣ ግማሽ ሰዓት አቆይቶ መቦረሽ ብዙውን ቅባት ያነሣል።

«ከእጥበት በኋላ ቢጫ ቀለበት የሚወጣው በሳሙናው ምክንያት ነው»

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የውሃው ብዛት ነው። ስፖንጁ ድረስ የራሰ ሶፋ ሲደርቅ ውሃው ወደ ላይ እየወጣ ከውስጥ ያለውን እድፍ ይዞ ይመጣና ጠርዙ ላይ ጥሎት ይተናል። ጥጥነት ባለው ጨርቅ ላይ ደግሞ ክሩ ራሱ በዝግታ ሲደርቅ ቡናማ ቀለም ያወጣል፤ ለዚህ 1 እጅ ነጭ አቼቶ በ3 እጅ ውሃ አቅጥኖ በስሱ መርጨትና በደረቅ ጨርቅ ማስመጠጥ ይረዳል። በሐምሌና በነሐሴ፣ አየሩ ራሱ እርጥብ በሆነበት ወቅት፣ ሙሉ ሶፋ እንዲታጠብ ስጠየቅ ብዙ ጊዜ እስከ መስከረም እንዲቆዩ እመክራለሁ፤ ስፖንጅ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይደርቅ ከቆየ ይሻግታል፣ ሽታውም በቀላሉ አይለቅም።

«ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማዋል ሶፋን ያድሳል»

የእርዱ እድፍ ፀሐይን የሚፈልግ ልዩ ጉዳይ ነበር። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለው በዚህ ከተማ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ ስለሆነ፣ በረንዳ ላይ የሚውል ወይም ከመስኮት ፊት የተቀመጠ ሶፋ ቀለሙ ይሳሳል። ለማድረቅ ጥላና ነፋስ ይበቃል። በፀሐይ የሳሳ ቀለም ቆሻሻ ስላልሆነ እኔም ሆንኩ ማንም አጣቢ ልንመልሰው አንችልም፤ እንዲህ ያለው ሶፋ የሚያስፈልገው ጨርቅ ቀይሮ የሚያለብስ ባለሙያ ነውና፣ ደንበኞቼ ለእጥበት ያሰቡትን ገንዘብ ለዚያ እንዲያስቀምጡ እነግራቸዋለሁ።