"ትራፊክ ከሰሰኝ"፦ መኪና ማቆም በባሕር ዳር

ከአዲስ አበባ እየነዳ ባሕር ዳር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚደንቀው የመንገዱ ስፋት ነው። ከተማዋ በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ባለሙያዎች ፕላን ሲወጣላት ዋና ዋና መንገዶቿ ሰፋ ተደርገው ተሠመሩ። ዛሬም ዘንባባ ተደርድሮባቸው መኪናው፣ ባጃጁና ብስክሌቱ ጎን ለጎን ይሄድባቸዋል። ብዙ ሾፌር የሚከሰሰውም በዚሁ ስፋት ተታሎ ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ሰው መስተዋቱን አጥፎ፣ ወርዶ፣ ዞሮ አይቶ ነው የሚያቆመው። ሰፊው ላይ ግን "እዚህ ባቆም ማንን እነካለሁ?" ይልና ቁልፉን ነቅሎ ይሄዳል።

"መከሰስ" የሚለው ቃል ለእንግዳ ሊከብድ ይችላል። ሾፌሮች "ትራፊክ ከሰሰኝ" ሲሉ ፍርድ ቤት ቆሙ ማለት አይደለም። ትራፊክ ፖሊሱ የቅጣት ወረቀት ጻፈባቸው ማለት ነው። ሾፌሩ መሪው ላይ ከተገኘ መንጃ ፈቃዱን ሰጥቶ ወረቀቱን ይቀበላል። መኪናው ውስጥ ሰው ከሌለ ደግሞ ካቻቢቴ ይወጣና ታርጋ ይፈታል። ሁለተኛው ይብሳል። መንጃ ፈቃዱን የሰጠ ሰው ቢያንስ ሁለት ቃል ተለዋውጧል፤ ታርጋው የተፈታበት ግን ባዶ ቦታ ላይ አፍጥጦ ይቀራል።

የሚቀጣበት ሕግ የፌዴራል ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የሚያስፈጽሙት የአካባቢው ትራፊክ ፖሊሶች ናቸው። ለዓመታት የተሠራበት ደንብ ቁጥር 208/2003 ነበር። በ2009 በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ፣ በ2016 ደግሞ ደንብ ቁጥር 557 ወጣ። ጥፋት በእርከን በእርከን ተከፍሎ ገንዘብም የጥፋት ነጥብም አለው። ሰው ብሩን ነው የሚያስበው። ነጥቡ ግን ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ እስከ መታገድ ያደርሳል፤ በመንዳት ለሚኖር ሰው ከብሩ ይልቅ የሚያስፈራው ይሄ ነው።

የሚከለከሉት ቦታዎች መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ሁሉም የተማራቸው ናቸው። መታጠፊያ ላይ፣ ዜብራ ላይ፣ ፌርማታ ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ የሰው ግቢ በር ላይ አይቆምም። ከቆመ መኪና ጎን ደርቦ ማቆምም እንዲሁ። ችግሩ ባሕር ዳር ላይ እነዚህ ቦታዎች ሁልጊዜ ምልክት የላቸውም። የዜብራው ቀለም በዝናብና በጎማ ይደበዝዛል። ፌርማታ የሚባለው አንዳንዴ ባጃጆች በልማድ የሚሰለፉበት ጥግ ብቻ ነው፤ ታፔላ የለውም። ስለዚህ አንድ ጥግ በሥራ ሰዓት ባዶውን ከተገኘ ደስ ከመሰኘት በፊት ለምን ባዶ እንደሆነ ማሰብ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ያውቁታል። "እዚህ ይቻላል?" ብሎ አንዱን መጠየቅ አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ድልድዩ ለብቻው የሚወራ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት መስመር፣ ከዚያ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ አለው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞ ሲጀምር ከላይ ሆኖ ማየት ማንንም ያጓጓል፤ ዕድለኛው ጉማሬም ያያል። ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮች በአጀብ ይመጣሉ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ከመኪናው ጣሪያ ወገቡን አውጥቶ "ቀስ በሉ! ቀስ በሉ!" ይላል፤ ቀስ ማለቱ መቆም ይሆናል፤ አንዱ ሲቆም አጃቢው ሁሉ ይቆማል። አራቱን ፍሬቻ ማብራት ድልድይ ላይ ለማቆም ፈቃድ አይደለም። ፍሬቻው መኪና መበላሸቱን ነው የሚናገረው፣ ሙሽራ መያዙን አይደለም። ድልድዩን ተሻግሮ ራቅ ብሎ ማቆምና በእግር መመለስ ነው። እንዲያውም እይታው በእግር ይሻላል።

ሌላው ጣጣ ጥላ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሕር ዳር ፀሐይዋ ትከብዳለች፤ ስምንት ሰዓት ላይ የቆመ መኪና መሪ አይጨበጥም። ዘንባባ ደግሞ ለፎቶ እንጂ ለጥላ አይሆንም። ስለዚህ ሾፌር ሁሉ ዋርካ ፍለጋ ይዞራል። ዋርካዋ መታጠፊያ ላይ ብትሆንም፣ የሰው በር ላይ ብትሆንም ከሥሯ ይገባል። እኔ እንኳ በጥላ ምክንያት የተከሰሱ ሦስት ጓደኞች አሉኝ። አንደኛው ክሱ ሳያንሰው መኪናውን የወፍ ኩስ አልብሰውት ነው ያገኘው።

አካባቢና ቀንም ይለያያል። ቅዳሜ ገበያ በገበያ ቀን መኪና ይዞ መጠጋት ራስን ማሰር ነው፤ ጋሪውም ተሸካሚውም በዚያው ነው የሚያልፈው። ጊዮርጊስ ዙሪያ በወር በገባ በ23 ቀን ከማለዳው ይሞላል። ፔዳ በሚባለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ በር ላይ የምረቃ ሰሞን ከየአገሩ የመጣ ወላጅ መኪና ይደረደራል። ለጥምቀት ደግሞ ታቦት የሚያልፍባቸው መንገዶች አስቀድመው ይዘጋሉ። ማታ ያቆመ ሰው ጠዋት መኪናውን ከምእመኑ መሃል ማውጣት አይችልም። ባንክና የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ደግሞ ከትራፊኩ በፊት ጥበቃው ይደርሳል። ከጥበቃ ጋር ክርክር አያዋጣም፤ ፈቀቅ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፓርኪንግ ልጆች እንምጣ። ሰደርያ ለብሰው፣ የደረሰኝ ጥራዝ ይዘው በየመንገዱ ዳር የሚሠሩ፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች አሉ። መኪናው ሲጠጋ "ና፣ ና፣ ና… በቃ!" እያሉ ያስገባሉ፣ ሰዓት መዝግበው ደረሰኝ ይቆርጣሉ። ከእነሱ ሌላ ሰደርያም ደረሰኝም የሌላቸው፣ "ጋሼ፣ ዘና ይበሉ፣ እኔ አለሁ" የሚሉ አሉ። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ደረሰኝ ያለው ልጅ የቆመበትን መስመር ያውቀዋል፤ የተፈቀደ ቦታ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሰደርያ የሌለው ልጅ መኪናውን ከሌባ ይጠብቅ ይሆናል። ከትራፊክ ግን አይጠብቅም።

ይህን የተማርኩት አንድ ፋርማሲ በር ላይ ነው። ለእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ ወረድኩ። "አምስት ደቂቃ ነው" አልኩት ለልጁ። "ሂድ ወንድሜ፣ አታስብ" አለኝ። ፋርማሲዋ ውስጥ ሰልፍ ነበር። ስመለስ ልጁ ቆሟል፣ መኪናው ቆሟል፣ ታርጋው የለም። "ትራፊኩ መጣ፤ አሁን ይመጣል አልኩት፣ እምቢ አለኝ" አለ፣ አዝኖ። ማዘኑን አልጠራጠርም። ሃያ ብሩንም ተቀበለኝ።

ትራፊኩ ሲጽፍ ከተደረሰበት መጀመሪያ ሰላምታ ነው። "አለቃ፣ ጥፋቴ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ መብት ነው፤ አነጋገሩ ግን ለውጥ ያመጣል። "እኔን ማን መሰልኩህ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ባሕር ዳር ላይ ቅጣት ሲያስቀንስ አላየሁም። በመንጃ ፈቃዱ ሥር ብር አጥፎ መስጠት ደግሞ ጉቦ ነው። በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውም ተቀባዩም ይጠየቃሉ። የሁለት ሰዓት ጣጣን በወንጀል መለወጥ ምን ሒሳብ እንደሆነ አይገባኝም።

ወረቀቱን እዚያው ማንበብ ይገባል። የታርጋ ቁጥሩ፣ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የጥፋቱ ዓይነት ትክክል መሆኑ ይታያል። ስሕተት ካለ ትራፊኩ ፊት እያለ መናገር፣ ነገ ቢሮ ሄዶ ከማስረዳት ይቀላል። ክሱ ያላሳመነው ሰው መኪናውን ሳያንቀሳቅስ ፎቶ ያንሳ፤ ከጎማው እስከ ዜብራው ያለው ርቀት፣ የተፋቀው ቀለም፣ የሌለው ታፔላ ይታይ። ከዚያ አቤቱታውን ለትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ያቅርብ። ፎቶ የያዘና ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሰው ይደመጣል። ጥፋቱን ያመነ ግን ቶሎ ከፍሎ ደረሰኙን ቢይዝ ይሻለዋል። ያልተከፈለ ቅጣት አይረሳም፤ መንጃ ፈቃድ ሲታደስ ወይም ሌላ ክስ ሲመጣ ብቅ ይላል።

እንግዳ ሆኖ ለመጣ ሰው ከሁሉ የሚቀለው መኪናውን ያረፈበት ሆቴል ግቢ ትቶ በባጃጅ መዞር ነው። በተለይ በጀልባ ወደ ገዳማቱ የሚሄድ ሰው። ዘጌ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ወደብ አካባቢ መንገድ ዳር ትቶት ሐይቅ ላይ ሆኖ ስለ መኪና ማሰብ ጉዞውን ያበላሻል። ሌሊትም ቢሆን ጥበቃ ያለው ግቢ ይሻላል።

ታርጋ ለማስመለስ የሚሄድ ሰው ሊብሬውን፣ መንጃ ፈቃዱንና የከፈለበትን ደረሰኝ ይያዝ። ካቻቢቴም አይርሳ። ታርጋው ሲመለስ ብሎኖቹ አብረው ላይመጡ ይችላሉ። የእኔ አልመጡም፤ ከቢሮው እስከ ቤት ታርጋዬን መስታወት ሥር አቁሜ ነው የነዳሁት። መንገድ ላይ ሌላ ትራፊክ አስቆመኝ።