የበረራ ርቀት ምንድን ነው? ለ900 አካፍሎ መገላገል አይቻልም

«ከለንደን ኒው ዮርክ 5,550 ኪሎ ሜትር። አውሮፕላን በሰዓት 900 ይበራል። አካፍለው፤ ስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ! ታዲያ ትኬቱ ላይ ስምንት ሰዓት ገደማ የሚጽፉት ለምንድን ነው?»

ይህን ሒሳብ ስንቴ እንዳየሁት እንጃ። ከላይ ያለውን የጻፈው ሰውዬ ደግሞ «ሆን ብለው ያዞሩናል» ብሎ ጨመረበት። በረራ ማቀድ እንጀራዬ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

5,550 ርቀት እንጂ መንገድ አይደለም። ሉል ላይ በሁለቱ ኤርፖርቶች መካከል ክር ወጥረህ ብትለካ የምታገኘው ነው። ያንን ክር ሳይለቅ የሚበር አውሮፕላን ግን ከስንት አንድ ነው።

ዋናው ጥፋት ያለው 900ው ላይ ነው። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በ900 ይሄዳል፤ አየሩ ራሱም ይሄዳል። ወንዝ ላይ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው አስብ። ክንዱ ያው ክንድ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ውሃው ያግዘዋል፣ ሽቅብ ሲመለስ ይታገለዋል። ሰሜን አትላንቲክ ላይም፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የነፋስ ወንዝ አለ፤ ጄት ስትሪም ይባላል። በብርዱ ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንፈሱ ብርቅ አይደለም። ወንዙን የሚያውቅ ቀዛፊ ሲወርድ መሐሉን ይይዛል፣ ሲመለስ ዳር ዳሩን ይሄዳል። እኛም እንደዚያው ነን። ወዳጄ «ማዞር» ያለው ይህንን ዳር ዳሩን መሄድ ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ይረዝማል፣ ሰዓቱ ያጥራል። ደግሞ የኛ ወንዝ አንድ ቦታ አይረጋም። የአትላንቲክ መስመሮች በየቀኑ እንደ አዲስ የሚሰመሩት ለዚህ ነው።

«ሲሄድ የጠፋው ሲመለስ ይካካሳል» የሚልም አለ። አይካካስም! 5,500 ኪሎ ሜትር ከኋላ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲገፋህ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ያው ነፋስ ከፊት ሲመጣ ስድስት ሰዓት ከ52 ደቂቃ ይሆናል። ደርሶ መልሱ ነፋስ ከሌለበት ቀን ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ይበልጣል። ከፊት ነፋሱ ጋር ስትታገል የምትቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነዋ።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በአራት ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። ከመሬት አንጻር ሲለካ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ነበር። «ከድምፅ ፈጠነ!» ተባለ። አልፈጠነም። ድምፁም የሚጓዘው እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ አየር ላይ የምትቆይበት ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀ ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ይቆጠራል። ማኮብኮቡም፣ ተራ መጠበቁም፣ ለማረፍ ሰማይ ላይ መዞሩም እዚያ ውስጥ አለ። የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ቀናንሶ «ሦስት ሰዓት ብቻ!» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ የሰዓት ቀጠና፤ የኒው ዮርክ ሰዓት ከለንደን ወደኋላ ነው።

ነፋሱን ሁሉ ብታውቅም ሰማዩ ሊዘጋብህ ይችላል። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ በሩሲያ ላይ ሲታለፍ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያ ሰማይ ሲዘጋ ጉዞው ዞሮ 13 ሰዓት ገደማ ሆነ። ሉል ላይ በክር የሚለካው ርቀት ግን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልጨመረም።