የጎንደር እደ ጥበብ እና የንግድ ምልክት ሕግ

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ወለቃ የምትባል መንደር አለች። ቤተ እስራኤላውያን የኖሩባት መንደር ናት። ሴቶቿ ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ጭቃውን እያበጁ ጀበና፣ ምጣድ፣ የአንበሳና የሰው ምስል ይሠራሉ። ጎንደር ከዚህ ሌላ የሸማኔዎች ጥለት፣ የአለላ መሶብ፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የተሣሉትን መላእክት አብነት ያደረገ ሥዕልም አላት። ሁሉም በቀላሉ ይቀዳሉ። በፋብሪካ የጥለት ምስል የታተመበት ጨርቅ ከሸማኔው ሥራ ጎን ተሰቅሎ በርካሽ ሲሸጥ ማየት ለማንም አዲስ አይደለም።

ታዲያ ሕግ ምን ሊያደርግ ይችላል? የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን ወይም ሠሪውን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የጣሪያውን መላእክት የሣለው ሰው ግን ካረፈ ዘመናት አልፈዋል። የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ፣ ማለትም የዕቃ ቅርጽና ጌጥ፣ ጥበቃ ደግሞ አዲስነትን ይጠይቃል፤ ከአያት የመጣ ጥለት አዲስ አይባልም። የቀረው በር የንግድ ምልክት ነው። አዋጅ ቁጥር 501/1998 ለአንድ ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ለማኅበርም ምልክት ይፈቅዳል። ምልክቱ የማኅበሩ ንብረት ይሆናል፣ አባላቱ በየሥራቸው ላይ ያኖሩታል። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱ እየታደሰም ያለ ገደብ ሊቀጥል ይችላል። ለትውልድ ለሚተላለፍ ሙያ የሚስማማው ይህ ባሕርዩ ነው።

ወሰኑን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። የንግድ ምልክት ጥለቱን ወይም አንበሳውን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው «ይህን የሠራነው እኛ ነን» የሚለውን ቃል ነው። በአሜሪካ ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የናቫሆ ሕዝብ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 አርባን አውትፊተርስ የተባለውን የልብስ ነጋዴ ኩባንያ የከሰሰው ስሙን ለሸቀጥ ተጠቅመሃል ብሎ ነበር። ጉዳዩ በ2016 በስምምነት ተቋጭቷል። ኢትዮጵያም የይርጋ ጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 አመልክታ፣ ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ጋር ከተከራከረች በኋላ በ2007 ተስማምታለች። ለቡና የንግድ ምልክት የተመረጠበት አንዱ ምክንያት የእያንዳንዱን ገበሬ ምርት እየተከታተሉ ማረጋገጥ ስለማይቻል ነበር። ወለቃ ግን ትንሽ ናት፤ ማን እንደሠራ ጎረቤት ያውቃል። ስለዚህ እዚህ ከቡናው የጠበቀ ደንብ ማውጣት ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

ከባዱ ጥያቄ ስሙ ነው። ወለቃ የሚሸጠው ሸክላ ለረጅም ጊዜ «የፈላሻ ሥራ» ተብሎ ሲተዋወቅ ኖሯል። ቃሉን ቤተ እስራኤላውያን እንደ ስድብ ይቆጥሩታል፤ ርስት ተነፍገው፣ ቡዳ እየተባሉ በሸክላና በብረት ሥራ የኖሩበትን ዘመን ያስታውሳቸዋል። አብዛኞቹም እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎችና በሌሎች መንገዶች ወደ እስራኤል ሄደዋል። ዛሬ ጭቃውን የሚያበጁት በአብዛኛው ሙያውን የወረሱ ጎረቤቶቻቸው ናቸው። እነዚህ ሴቶች ለድካማቸው ክብር ይገባቸዋል፤ የሚገባቸው ግን በራሳቸው ስም ነው። ሕጉም ገዢን ስለ ዕቃው ምንጭ የሚያሳስት ምልክት አይመዘግብም። «ወለቃ» የሚለው ስም ከአንድ መለያ ምስል ጋር ቢቀርብ ከሁሉም የተሻለ እውነተኛ ይመስለኛል፤ የቦታ ስም ብቻውን ግን በቀላሉ ተቀባይነት አያገኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የማኅበሩ ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ማን አባል እንደሚሆን፣ ምን ዓይነት ሥራ ምልክቱን እንደሚሸከም፣ ማን እንደሚቆጣጠር መወሰን አለበት። ምልክቱን ለ3 ተከታታይ ዓመታት ሳይጠቀሙበት ከቀሩ ሊሰረዝ ይችላል። ሸክላ ላይ ማኅተሙ የሚታተመው ጭቃው ሳይደርቅ ነው፤ ከተተኮሰ በኋላ ማንም በቀላሉ ሊፍቀው አይችልም። ለነጠላና ለጋቢ የሚሰፋው ምልክት ግን በመቀስ ይወጣል፤ ለሸማኔዎቹ ሌላ መላ መፈለግ ያሻል።

አዲስ አበባ የተመዘገበ ምልክት የሚያገለግለው በኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ሸክላው ወደ እስራኤል ገበያ የሚሄድ ከሆነ እዚያ እንደገና መመዝገብ ያስፈልጋል፤ እዚያም ይህንኑ ሙያ ይዘው የሄዱ እናቶች አሉ። እነርሱን ሳያማክሩ ማመልከት ተገቢ አይሆንም።