«የዝንጀሮ ራስ» ምንድን ነው?

የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ልብ ብለው ይዩት። ድንጋይና እንጨት ተነባብረዋል። ከእንጨቱ መስመር ላይ ደግሞ ድቡልቡል ጉጦች በተርታ ወደ ውጭ ብቅ ብቅ ብለዋል። የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት እነሱ ናቸው፤ በግዕዙ ርእሰ ህበይ።

ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። «ለውበት የተደረገ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ስሰማ በጣም ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ግድግዳውን ይዞ ያቆመው እሱ ነው።

እንዴት መሰላችሁ? የአክሱም ግንበኛ ሲሚንቶ አልነበረውም። ድንጋዩን የሚያያይዘው በአብዛኛው በጭቃ ነው። ትንንሽ ድንጋይ በጭቃ እየተደረደረ ወፍራም ግድግዳ ይወጣዋል፤ ግን ከፍ እያለ ሲሄድ የውጭው ገጽ ከውስጠኛው ይላቀቃል፣ መሀሉ ይነፋል፣ በመጨረሻም ይናዳል። ስለዚህ ጥቂት ረድፍ ከተገነባ በኋላ በግድግዳው ርዝመት የተጠረቡ እንጨቶች ይጋደማሉ፣ አንዱ በውጭ በኩል፣ አንዱ በውስጥ በኩል። በእነሱ ላይ አጫጭር ድቡልቡል እንጨቶች የግድግዳውን ውፍረት አቋርጠው ይተላለፋሉ። አጫጭሮቹ ሆዳቸው ላይ ጎድጎድ ተደርገው ስለተፈለፈሉ አግዳሚውን ነክሰው ይይዙታል። ከዚያ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፣ እንዲህ እየተባለ ጣሪያ ድረስ ይኬዳል። ዛሬ ኮንክሪት ውስጥ ፌሮውን (ረጅሙን ብረት) ስታፋ (ዙሪያውን የሚጠመጠመው ቀጭን ብረት) አስሮ እንደሚይዘው ማለት ነው።

ታዲያ ጫፉ ለምን ከግድግዳው እኩል አልተቆረጠም? የተፈለፈለው ቦታ ለጫፉ በጣም ከቀረበ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ መያዣውም ይለቃል። ተርፎ ሲወጣ ግን አግዳሚው ወደ ውጭ ልሂድ ቢል እንኳ መንገድ ያጣል። ያ ተርፎ የወጣው ጫፍ ነው እንግዲህ የዝንጀሮ ራስ። በርና መስኮት ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ እዚያ ግን ጫፎቹ አራት ማዕዘን ናቸው፣ በየማዕዘኑ ወጣ ብለው ይታያሉ።

ደብረ ዳሞ ትግራይ ውስጥ ነው። ገዳሙ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከመጡት ከአቡነ አረጋዊ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወንዶች ብቻ ገደሉን በጠፍር ተንጠላጥለው ይወጡታል። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሬክ ማቲውስ ባለበት ተጠግኗል። ይህ አሠራር በሙሉ መልኩ፣ ከነክብ ራሱ፣ ከሁሉ በላይ የሚነበበው እዚያ ነው። የአክሱም ቤተ መንግሥቶች አብዛኞቹ የቀራቸው መሠረታቸው ብቻ ነውና።

ግን አክሱሞች ራሳቸው ሌላ ምስክር ትተውልናል። ሐውልቶቹን! ትልልቆቹ የአክሱም ሐውልቶች የፎቅ ቤት ምስል ናቸው፤ ታች በር አላቸው፣ ወደ ላይ በየፎቁ መስኮት አላቸው፣ በፎቆቹ መሀል ደግሞ ክብ ክብ የዝንጀሮ ራሶች ከዚያው ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍለው ተሰልፈዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ከሮም ተመልሶ በ2008 እንደገና የቆመው 24 ሜትር ገደማ የሚሆነው ሐውልት ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እዚያ ምንም የሚይዙት ነገር የለም። ድንጋይ ጠራቢው ያለ እነሱ ቤት ቤት አልመስለው ብሎት ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

አሁን ወደ ላስታ እንሂድ። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ በጽድ ደን መሀል ዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፣ የተገነባ ነው። ያሠራውም ከላሊበላ በፊት የነገሠው የዛጉዌው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው ይባላል። ግድግዳው ጥቁር እንጨትና ነጭ ልስን እየተፈራረቀ የተሠራ ሲሆን ዋሻው ውስጥ ሲያዩት ዓይን ይይዛል። የሚገርመው ግን ክቡ ራስ በተርታ አይታይም። አግዳሚዎቹ አሉ፣ የመስኮቶቹ አራት ማዕዘን ጫፎች አሉ፣ ድቡልቡሎቹ ግን ቀርተዋል። ግንበኞቹ የጥንቱን ዘዴ እንደያዙ መልኩን አቅልለውታል።

ከዚያ ላሊበላ። ቤተ አማኑኤል ከአለት የተፈለፈለ ነው፣ አንድም እንጨት አያስፈልገውም። ግን ግድግዳውን ብታዩ አንዱ መስመር ወጣ፣ አንዱ ገባ ብሏል፤ የእንጨቱና የድንጋዩ መፈራረቅ አለት ላይ ተቀርጿል። መስኮቶቹ ላይም ማዕዘኖቹ ወጣ ብለዋል። ቤተ ጊዮርጊስም የታችኞቹ መስኮቶቹ እንደዚያው ናቸው።

ይህን የማነሳው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። የድሮ ቤተ ክርስቲያን ሲጠገን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በሲሚንቶ ልስን ነው። በጭቃና በእንጨት የቆመ ግድግዳ ግን እርጥበቱን ማስወጣት አለበት። ሲሚንቶ ያፍነዋል፣ ታፍኖ የቀረው እርጥበት እንጨቱን ያበሰብሰዋል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ስለዚህ የደብራችሁ ግድግዳ እንዲህ ዓይነት ከሆነና የጥገና ኮሚቴ ከተቋቋመ፣ ባለሙያ ሳያየው አንድም ጉጥ እንዳይቆረጥ፣ በሲሚንቶም እንዳይለሰን አደራ በሉ።