መጠለያ 307፦ ሰፈርተኛው ራሱ የቆፈረው ዋሻ

በባርሴሎና ከተማ፣ ሞንዡዊክ በሚባለው ኮረብታ ግርጌ፣ ፖብለ ሴክ የሚባል የሠራተኞች ሰፈር አለ። መጠለያ 307 የሚገኘው እዚያ ነው። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ (ከ1936 እስከ 1939 እ.ኤ.አ.) ከአውሮፕላን ቦምብ ለማምለጥ የተቆፈረ ዋሻ ነው። ዛሬ የከተማዋ የታሪክ ሙዚየም ይዞት ሕዝብ ይጎበኘዋል። 307 በመጠለያዎች መዝገብ ላይ ያለው ተራ ቁጥሩ ነው። በዚያን ጊዜ ባርሴሎና ውስጥ ከ1,300 በላይ መጠለያዎች ተሠርተዋል ወይም ተጀምረዋል።

ያን ሁሉ ያስቆፈረው የጣሊያን ቦምብ ነው። ጣሊያን የወገነችው በስፔን ሪፐብሊክ መንግሥት ላይ ላመፀው ለጄኔራል ፍራንኮ ነበር፤ ባርሴሎና ደግሞ በሪፐብሊኩ እጅ ነበረች። በፌብሩዋሪ 1937 የጣሊያን የጦር መርከብ ከተማዋን ከባሕር ደበደበ። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኖች ከማዮርካ ደሴት እየተነሱ ይመላለሱባት ጀመር። የከፋው ከማርች 16 እስከ 18 ቀን 1938 የወረደው ነው። ሙሶሊኒ ራሱ ያዘዘው ድብደባ ሲሆን፣ ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰው አለቀበት። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ በዲሴምበር 1935 ደሴን ያነደደው ያው የሙሶሊኒ አየር ኃይል ነበር።

መንግሥት ለሁሉም ሰፈር መጠለያ የሚሠራበት አቅም አልነበረውም። በ1937 ባርሴሎና ያለችበት የካታሎኒያ ክልል አስተዳደር ለዚሁ ጉዳይ አንድ ቦርድ አቋቋመ። ቦርዱ በዋናነት የሙያ ምክርና የተወሰነ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ጉልበቱ ግን የሰፈሩ ነው። ወጣት ወንዶች ግንባር ስለዘመቱ ዶማና አካፋ የያዙት ሴቶች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ናቸው። ኮረብታውን ወደ ጎን እየፈለፈሉ ገቡ። በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር መተላለፊያም አወጡ።

አሠራሩ የዋዛ አይደለም። የዋሻው ቁመት 2 ሜትር ከምናምን፣ ስፋቱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ነው። ጣሪያው በጡብ ቅስት ተሠርቷል። መግቢያዎቹ ሦስት ናቸው። ቀጥ ብለው አይገቡም፤ ይጠማዘዛሉ። ደጅ ላይ ቦምብ ቢወድቅ ግፊቱ እጥፋቱ ላይ እየተጋጨ ይዳከማል፣ ፍንጣሪውም ውስጥ ያለውን ሰው አያገኘውም። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል። ግራና ቀኝ መቀመጫ አለ። መጸዳጃ ቤት፣ የውኃ ቧንቧ፣ የሕክምና ክፍልና የልጆች ክፍልም ነበረው።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ደንቡ ነው። እንስሳ ይዞ መግባት ክልክል። ትልልቅ የቤት ዕቃም ክልክል። ስለ ፖለቲካና ስለ ሃይማኖት ማውራትም ክልክል! ነገሩ ቀልድ አይደለም። በሜይ 1937 ፍራንኮን የሚቃወሙት ወገኖች እርስ በርሳቸው በባርሴሎና ጎዳናዎች ላይ ተታኩሰዋል። ጠባብ ዋሻ ውስጥ ተፋፍጎ ለተቀመጠ ሰው ጭቅጭቅ ሁለተኛ ቦምብ ነው።

ትክክለኛ መጠለያ ያላገኘ ሰው ምድር ቤት ሲያገኝ ይገባ ነበር። በጃንዋሪ 30 ቀን 1938 ሳን ፌሊፕ ኔሪ የተባለው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ የተሸሸጉ 42 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ።

ከተማዋ በጃንዋሪ 1939 በፍራንኮ እጅ ወደቀች። የመጠለያዎቹን ሥራ ይመሩ ከነበሩት አንዱ የሆነው መሐንዲስ ራሞን ፔሬራ ወደ ብሪታንያ ተሰደደ። እዚያም ልምዱን አካፈለ። የብሪታንያ መንግሥት ግን በጓሮ የሚተከሉ አነስተኛ የቤተሰብ መጠለያዎችን ማደሉን መረጠ።

መጠለያ 307 ከጦርነቱ በኋላ እንጉዳይ ተበቅሎበታል። አንድ ቤት ያጣ ቤተሰብም ኖሮበታል። ከዚያ በላዩ የመስታወት ፋብሪካ ቆሞ ተረሳ። በ1995 ፋብሪካው ሲፈርስ እንደገና ተገኘ። ከ2007 ጀምሮ ሙዚየሙ ያስተዳድረዋል። ጉብኝቱ ከአስጎብኚ ጋር ነው። ሌላ ማየት ለሚፈልግ፣ ግራሲያ በሚባለው ሰፈር በፕላሳ ዴል ዲያማንት አደባባይ ሥርም ነዋሪው የሠራው መጠለያ አለ።