የመስኮት ዳር ብርጭቆ፦ ተራ ዕቃን ፎቶ የማንሳት ልማድ

ሲኒ፣ ሹካ፣ እንቁላል፣ መጥረጊያ፣ ግማሽ ሽንኩርት። ማንም ዞር ብሎ የማያያቸውን እንዲህ ያሉ ነገሮች የፎቶ ዋና ባለጉዳይ ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ባለሙያዎቹ "ስቲል ላይፍ" ይሉታል። ሠዓሊዎች ካሜራ ከመፈጠሩ በፊት ብዙ ዘመን ሠርተውበታል። ፎቶ አንሺዎች ግን መጀመሪያ የገቡበት ወደው ብቻ አይደለም፤ ግድም ሆኖባቸው ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ግዱ ጊዜ ነበር። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ በ1826 ወይም በ1827 ከቤቱ መስኮት ያነሳው ምስል ረጅም ሰዓታት ፈጅቷል። ከመርዘሙ የተነሳ ፀሐይዋ በግራም በቀኝም ያሉትን ግድግዳዎች አብርታቸዋለች። ይህን ያህል ሰዓት ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው የለም። ሕፃን ይቁነጠነጣል፣ ፈረስ ጭራውን ይወዘውዛል። ዕቃ ግን የትም አይሄድም። ሌላው ፈረንሳዊ የፎቶ ጀማሪ ሉዊ ዳጌርም በ1837 የጄሶ ቅርጾችና ሌሎች ዕቃዎች መስኮት ዳር ደርድሮ አነሳ።

እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ከ1844 ጀምሮ በክፍል በክፍል ባሳተመው ባለ 24 ፎቶ መጽሐፍ ውስጥ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ የፖርሴሊን ሳህኖችና ብርጭቆዎች አሉ። ስለ ሳህኖቹ የጻፈው ፈገግ ያሰኛል። ሌባ ዕቃውን ቢወስደው፣ ፎቶው ፍርድ ቤት ቀርቦ አፍ የሌለው ምስክር ይሆናል ይላል። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ገርበብ ያለ በር አለ። ደፉ ላይ መጥረጊያ ተደግፏል፣ ጎኑ ላይ ፋኖስ ተሰቅሏል። መጥረጊያ ይሰረቃል ብሎ የሚሰጋ የለም። ታልቦት እዚያ ጋ ያነሳው በበሩ ላይ በሰያፍ የወደቀውን ጥላ ነው። ለእኔ ልማዱ የተጀመረው በዚህች መጥረጊያ ነው።

ከዚያ በኋላ ካሜራው እየፈጠነ ሄደ። ዕቃዎቹ ግን ከፎቶው አልወጡም። የሀንጋሪ ተወላጁ ፎቶ አንሺ አንድሬ ከርቴስ በ1928 ፓሪስ ውስጥ ሳህን ጠርዝ ላይ የተደገፈ አንድ ሹካ ከነጥላው አነሳ፤ ሌላ ምንም የለበትም። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌስተን በ1930 አንድ ፈረንጅ ቃሪያ በቆርቆሮ ፈነል (ዘይት ወደ ጠርሙስ የምንገለብጥበት) አፍ ውስጥ ወትፎ ያነሳት ፎቶ፣ ቃሪያ መሆኗን ካልነገሯችሁ የሰው ጀርባ ትመስላለች። ኢርቪንግ ፔን ደግሞ የፋሽን ፎቶ ጌታ ሆኖ ሳለ፣ በ1972 የሲጋራ ቁራጮችን በውዱ የፕላቲኒየም ኅትመት አሳምሮ አወጣቸው። ያን ጊዜ የተናደዱም ነበሩ አሉ። አይፈረድባቸውም።

ነገሩን እስከ ጥጉ የወሰደው ግን የቼኳ ዋና ከተማ የፕራግ ሰው፣ ዮሴፍ ሱዴክ ነው። በ1896 ኮሊን በምትባል ከተማ ተወለደ። የተማረው የመጽሐፍ ጥረዛ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ግንባር ላይ ቆሰለና ቀኝ እጁን አጣ። በአንድ እጅ መጽሐፍ አይጠረዝም፤ ካሜራ ያዘ። አንድ እጅ ያለው ሰው ቀለል ያለውን ይመርጣል ትሉ ይሆናል። ሱዴክ የመረጠው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ የሚፈልገውን ግዙፉን ነው። በ1940 የአንድ ሐውልት የቆየ ፎቶ አየ። ሳይተልቅ፣ ኔጋቲቩ (ብርሃንና ጥላው የተገላበጠው ቅጂ) ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ በልኩ የታተመ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማተለቅ ተወ። በዚህ አሠራር ፎቶው ከኔጋቲቩ አይበልጥም። ትልቅ ፎቶ የፈለገ ትልቅ ካሜራ ይሸከማል፤ ሱዴክም ተሸከመ።

ቤቱ ከፎቆች ጀርባ የተደበቀች ትንሽ የእንጨት ስቱዲዮ ነበረች። ናዚዎች ፕራግን ሲይዙ፣ ካሜራ ተሸክሞ ከተማ መዞር የሚያስጠረጥር ነገር ሆነ። ሱዴክ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከ1940 እስከ 1954 ያንኑ መስኮት አነሳው። አንዳንዴ መስተዋቱ በእንፋሎት ይደበዝዛል፣ አንዳንዴ ውርጭ ይይዘዋል፣ አንዳንዴ የዝናብ ጠብታ ይወርድበታል። ከበስተጀርባ አንድ የተጣመመ ዛፍ በጭላንጭል ይታያል። መስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ ውሃ ያለበት ብርጭቆ፣ እንቁላል፣ ዳቦ ወይም አንዲት ጽጌረዳ ይቀመጣል። ብርጭቆው ባለ ማዕዘን ነው፤ ሻይ ቤት የምናውቀውን ዓይነት ይመስላል። ብርሃኑ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ይሰበራል፣ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ቅርጽ ሆኖ ይወጣል። ይኸው ነው ፎቶው። እኔ ብዙ ጊዜ ያየሁት እንዲያውም ይህን ብርጭቆ ነው።

ሰውዬው ዕቃ የሚጥል ዓይነት አልነበረም። ወረቀቱ፣ ገመዱ፣ ሳህኑ ስቱዲዮዋን አጣቦ ነበር። በኋላ ራሱን ዝብርቅርቁን ማንሳት ጀመረ፤ ፎቶዎቹንም ላብሪንት፣ ማለትም መውጫው የሚጠፋ ውስብስብ መንገድ፣ አላቸው። የቤት እመቤት ብታየው ትጮህ ነበር።

ሱዴክ የጓዳ ዕቃ ብቻ አላነሳም። የሚመኘውን ትዕይንትም ዓመት ሙሉ ይጠብቅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ረዳቱ የነበረችው ሶንያ ቡላቲ አንዱን ቀን ተርካዋለች። ፕራግ ካለው ከቅዱስ ቪት ካቴድራል ሥር፣ ጨለማ የሆነ ጥንታዊ አዳራሽ ውስጥ ካሜራውን ተክለው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ድንገት ሱዴክ ተስፈንጥሮ ተነሳ። አንድ የፀሐይ ጨረር ገብቷል። ሁለቱም ጨርቅ ይዘው አቧራውን ማራገብ ያዙ፤ አቧራ ከሌለ ጨረር አይታይማ። ፀሐይዋ እዚያ ቦታ የምትደርሰው በዓመት ምናልባት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ነው። እሱ ቀኑን ያውቀው ኖሯል።

በ1976 አረፈ። የእንጨቷ ስቱዲዮ በ1985 ተቃጠለች። በቦታዋ አምሳያዋ ተሠርታ ዛሬ የፎቶ ማሳያ ናት።

የተመኙትን ትዕይንት የማንሳት ሌላም መንገድ አለ፤ እሱን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ፎቶ ቤት። በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ውስጥ ሰይዱ ኬይታ በ1948 ስቱዲዮውን ሲከፍት የራሱን አልጋ ልብስ ጀርባ ላይ ሰቅሎ ነው። ሰዓት፣ እስክሪብቶ፣ ሬዲዮ፣ ሲያስፈልግም መኪና ያቀርብ ነበር። ደንበኛው የሌለውን ይዞ ይነሳል። ወደ አገራችን ስንመጣ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች አነሱ። ሌላው ሕዝብ ደግሞ በየሰፈሩ ፎቶ ቤት በሸራ ላይ በተቀባ ፏፏቴ፣ ቪላ ወይም አውሮፕላን ፊት ቆመ። እኛ ቤት አልበም ውስጥ አክስቴ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ገመዱን በዓይናችሁ ከተከተላችሁት ጠረጴዛው ሥር ያልቃል። የትም አልተሰካም። በዚያን ዘመን ሰፈራችን ውስጥ ስልክ የነበረው ቤት አንድ ብቻ ነው። ዛሬ ተራ የምንለው ዕቃ ያኔ ምኞቱ ራሱ ነበር።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል፤ ስልክ ያለው ሁሉ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ፍላሽ ይጥፋ፣ አምፖሉም ይጥፋ። ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲቀላቀል ቀለሙ ይበላሻል። ዕቃውን መስኮት ዳር አኑሩና ብርሃኑ ከጎን ይምጣለት። ፊት ለፊት የመጣ ብርሃን ቅርጽ ያጠፋል። ፀሐይዋ ከበረታች ስስ መጋረጃ ጣሉባት። በጨለማው በኩል ነጭ ወረቀት ብታቆሙ ጥላው ትንሽ ይከፈታል። አታጉሉት፤ ራሳችሁ ተጠጉ።

ፈተናው ጀበና ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ድምቀት ማምጣት ይወዳል። ጥቁር ጀበና ብቻውን ፍሬሙን ከሞላው "ጨለመ" ብሎ ያበራውና አመድ ያስመስለዋል። ጀበናው ላይ ተጭናችሁ ትኩረቱን ቆልፉ፣ ከዚያ ድምቀቱን በጣታችሁ ወደ ታች አውርዱት። ያኔ ጥቁረቱ ይመለሳል፤ አንገቱ ላይም አንዲት ቀጭን የብርሃን መስመር ትወጣለች። ነጭ ሲኒ ተቃራኒ ነው፤ ለእሱ ትንሽ ጨመር ይደረጋል።

በእኛ ቤት ብርሃኑ ከጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አልፎ ረከቦቱ ላይ የሚያርፈው ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከአሥር ደቂቃም አይዘልቅም። ያለፈው እሁድ አቦሉን ዝለሉኝ ብዬ ስልኬን ደግኜ ጠበቅሁ። ሲኒዋ ከንፈር ላይ ብርሃኗ ልትደርስ አንድ ጣት ሲቀራት፣ እናቴ "አንተ ልጅ፣ ይቀዘቅዛል" ብላ ሲኒዋን አነሳችና ሰጠችኝ።